ኪሱ የበዛ ቃል

እንግሊዝኛ አንድ ቃል አለው፣ እንደ አሮጌ ካፖርት ኪሱ የበዛ፤
ካራክተር ይሉታል። እኛም ተውሰነዋል፣
ከኪሶቹ አንዱን፣ የተዋናዩን፣ እንደ ዋዛ።
ስለ ቀሩት ኪሶች የሰማሁት
ከኤፊ ታሪክ ነው፣ ከዩፊሚያ ጊልክረስት፣
ሰማዩ ካልተጨመቀ ፎጣ በማይለይባት በኤድንብራ።

አሥራ ሰባት ዓመቷ፤ የወይዘሮ ዳልሪምፕል ገረድ፣
ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የምትጠርግ የምድጃ አመድ፣
ደረጃውን በጉልበቷ፣ ብሩን በኖራ የምትወለውል።
አንድ ማንኪያ ጠፋ።
የሾርባ እንኳ አይደል፤
የሰናፍጭ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ።
የወሩን ከፍለው አስወጧት። ካራክተር ግን አልሰጧትም።

ያን ጊዜ ካራክተር ወረቀት ነበር፣ እመቤት ለገረድ የምትጽፈው፣
«ታማኝ ናት፣ አትጠጣም፣ በማለዳ ትነሣለች» የሚለው፤
ያን ያልያዘች ልጅ በር ብታንኳኳ፣
ስሟን ሳይጠይቅ መልሶ ይዘጋል፤ ቋ!
እስቲ አስበው፤ የገዛ ጠባይህ በሰው መሳቢያ ሲቆለፍ፣
በሰው ብዕር ሲጻፍ፣ ወይም ሳይጻፍ ሲታለፍ።
በእኛ ተረት አመል ያወጣል ከመሐል፤
እሷን ያወጣት የሰናፍጭ ማንኪያ ነው፤ ይኸም አመል ይባላል?

አሥራ አንድ በር ቆጠረች። አሥራ ሁለተኛው ማተሚያ ቤት፣
ሴት በግማሽ ደሞዝ የሚቀጥር፣ ወረቀት የማይጠየቅበት።
«ፊደል ትለያለሽ?» አላት ፎርማኑ።
«እለያለሁ።»
«እንግዲያው ያንን መሳቢያ ሳቢው።»
ሳበችው።
እርሳስ። እንደ ምስር የተዘረገፈ የእርሳስ ፊደል፣
እያንዳንዷም ፍሬ በአገሩ ቋንቋ ካራክተር የምትባል።
እስክታስላት ሳቀች፤ ፎርማኑ ያበደች መሰለው።
«አንድ ነው የከለከሉኝ» አለች፣ «ይኸው ሙሉ መሳቢያ!»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ለቀመች፤ ጣቷ ጠቆረ፤
ዓይኗ የተገለበጠ ማንበብ ተማረ፤
ሰውንም በግልባጩ ታነብ ነበር ይሏታል።
ጡረታ ወጥታም አላረፈች፤
ከባሕር ወፎች ጋር በመስኮት ትሟገታለች፤
ቄሱን ከወንበሯ ሆና «ያ ዓረፍተ ነገር ግሥ የለውም!» ትላለች፤
ሰፈሩም ራሱን እየነቀነቀ፣
«ኤፊማ ካራክተር ናት» እያለ ሳቀ።
ይኸኛው ኪስ «ጉደኛ» እንደ ማለት ነው፣
ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ ፍቅር።
የለሽም ተብላ የተባረረችበትን ነገር
ሄዳ ሄዳ ራሷ ሆነችው።

የዳልሪምፕል ቤት ሲሸጥ፣ ቁም ሣጥኑ ሲነሣ፣
ከግድግዳው ሥር ማንኪያዋ ተገኘች፣ ጠቁራ፣ አቧራ ለብሳ።
የወይዘሮዋ ልጅ ጻፈች፤
«ለሚመለከተው ሁሉ፤ ዩፊሚያ ታማኝና ትጉህ ናት።»
ከአርባ አራት ዓመት በኋላ።
ኤፊ መነጽሯን አደረገች። ሁለቴ አነበበች። አላለቀሰችም።
ቀይ ቀለሟን አወጣች፤
ሁለት የሆሄ ግድፈት፣ አንድ የተረሳ ነጥብ አረመች፤
ከግርጌው «ለኅትመት ይለፍ» ብላ
በመጣበት ፖስታ መለሰችው።

ስትሞት፣ የእህቷ የልጅ ልጅ ኢሽቤል ድንጋይ ጠራቢ ቤት ሄደች።
«የምናስከፍለው በካራክተር ነው» አላት፣ እጁን እያራገፈ።
ቦርሳዋን ገልብጣ ቆጠረች፤ ለስሟ በቃ፣
ለአሥራ ሰባት ፊደል። ከዚያ ወዲያ ጥቅስም የለ፣ ዓመተ ምሕረትም የለ።
ቃሉ ድሮ በግሪክ አፍ፣ ይላሉ፣ የመቅረጫ ስለት ነበረ፤
የግዕዙ ባሕርይ ደግሞ ዕንቁ ነው።
ሰው ተቀርጾ ይወጣ፣ ወይስ በጨለማ ቅርፊት ውስጥ ራሱን ይጠቅልል፣
እኔ አላውቅም። ጠራቢውም አልነገራት።

ሲጨርስ ኢሽቤል ስስ ወረቀት በስሙ ላይ ዘረጋች፤
በእርሳስ ፈተገችው፣
(በእንጨቱ እርሳስ፤ ከዚያኛው ጋር አንድ ስም የሰጠው የእኛው አማርኛ ነው)
ዩፊሚያ ከግራጫው መሐል ቀስ ብላ ወጣች።
ከዚያ ልጅቱ ወረቀቱን ገለበጠችው፤
በጀርባው በኩል፣ ፊደሉ ሁሉ ዞሮ፣
ወደ ደካማው ፀሐይ ከፍ አድርጋ ያዘችው፣
ኤፊ ታነበው እንደ ነበረው።